ማዘርቦርዱ ሲቀየር

ይማርሽ ዓይኗን ከጋሽ አብዱልሀሚድ እጆች ላይ አልነቀለችም። ጠጋኙ በካቻቢቴ የፈቷትን እያንዳንዷን ብሎን ሳህን ላይ ሲያኖሩ አየች። ኪሳቸው የገባ ነገር የለም። እስካሁን።

«ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ» ብሏት ነበር ጓደኛዋ እንዳለው መንገድ ላይ። «ሰውዬው ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ነው የሚከተው። አገር ያወቀው ነው።»

ሁለቱም ዘጠነኛ ክፍል ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት። ለሚሊኒየሙ የተሰጣቸው የክበቡ ኮምፒውተር መብራት ሄዶ በመጣበት ቅጽበት ተቃጥሎ ዝም ቢል፣ ተጋግዘው ላሊበላ ገበያ አጠገብ ወዳለችው ሱቅ አመጡት። ከሽማግሌዎች የቀዱት ወግ ሁሉ እሱ ላይ ነው። የይማርሽ አያት የአባ ወልደ ሩፋኤል ድምፅም እዚያው አለ። ክበቡ ብልባላ ድረስ ሄዶ ከቀዳቸው በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። አሁን ሙት ዓመታቸው ደርሷል። እናቷም «እስቲ የአባቴን ድምፅ አሰሚኝ» ማለት ከጀመረች ሰነባብታለች።

«ማዘርቦርዱ ነው የተቃጠለው» አሉ ጋሽ አብዱልሀሚድ ዋናውን ሰሌዳ ወደ ብርሃን አዙረው። «እነዚህን ትንንሽ በርሜል የሚመስሉትን አየሻቸው? አናታቸው አብጧል። ሌላ ደህና ቦርድ አለኝ፣ እሱን እተካለታለሁ።»

«ያው ፎርማት ይደረጋላ» አለ እንዳለው ቶሎ ብሎ።

«ለምን ተብሎ? ዕቃችሁ ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩ ምንም አልሆነ።»

«ቦርድ ሲቀየር ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል። የነበረው መጥፋቱ አይቀርም።»

«አይጠፋም አልኩህ እኮ!»

እንዳለው ወደ ይማርሽ ዞሮ «አላልኩሽም?» በሚል ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

ሌላው ቦርድ ገባና ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ማያው ሰማያዊ ሆነ፣ ነጭ ጽሑፍ ብልጭ አለበት፣ ከዚያ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ። አሁንም ሰማያዊ።

«ይኸው! ፎርማት ያድርጉትና እንገላገል» አለ እንዳለው። ይማርሽ ሰረቅ አድርጋ አየችው። ደስ ያለው መሰላት።

ጋሽ አብዱልሀሚድ ዲስኩን ነቅለው ወደ ጓዳ ሲያመሩ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች።

«የት ሊወስዱት ነው?» ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጠነከረ።

«ወዲያ ሌላ ኮምፒውተር አለኝ። ይሄ ዊንዶውስ አሁንም የድሮውን ቦርድ ነው የሚፈልገው። ከአዲሱ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨር አስገብቼለት እመልሰዋለሁ። ካላመንሽኝ ነይና እይ።»

ተከትላቸው ገባች። እንዳለው ከኋላ መጥቶ እጅጌዋን ያዘ። «ተይ ይማርሽ፣ አታድክሚያቸው። መምህር ሀብተ ሥላሴም ፎርማት ይደረግ ብለዋል።»

«መቼ?»

«ጠዋት።»

ጠዋት የክበቡ ኃላፊ የሆኑት እኚሁ መምህር ኮምፒውተሩን ሲያስረክቧቸው እሷም ነበረች። «አደራ፣ አንዲት ነገር እንዳትጠፋ» ነበር ያሉት። እጅጌዋን አስለቀቀችና ከዚያ ወዲያ እሱን እሱን ታይ ጀመር።

ዲስኩ ወደ ቦታው ሲመለስ ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች እንከን ተከፈተ። የሚያውቁት ስዕል መጣ። ፎልደሮቹም እንደተቀመጡበት አሉ። ይማርሽ «አባ ወልደ ሩፋኤል» የሚለውን ከፈተች።

ባዶ ነው።

«ምን አደረጉት?» አለች ወደ ጋሽ አብዱልሀሚድ ዞራ። «የአያቴን ድምፅ ምን አደረጉት?»

«ወላሂ፣ እኔ እዚያ ውስጥ የነካሁት ነገር የለም...»

«እሳቸው አይደሉም» አለ እንዳለው። «መጀመሪያውኑ አልቀዳኋቸውም። ቀይዋን ቁልፍ ሳልጫን ቀርቼ... ካሴቱ ሲዞር እያየሁ የቀዳ መሰለኝ። ያወቅኩት ቤት ገብቼ ነው። ብቻዬን ተመልሼ ልቀዳቸው አስቤ ባዶውን ፎልደር ከፍቼ ለእናንተ ኮምፒውተሩ ላይ ጭኜዋለሁ አልኩ። ከዚያ... ሞቱ።»

«ለቅሶው ላይ ከጎኔ ተቀምጠህ ነበር።»

ጋሽ አብዱልሀሚድ የሚጠቀልሉት ሽቦ አገኙና ፈንጠር አሉ።

«ሌላውን በፍላሽ እንገልብጥና ይሄ ይጥፋ» አለ እንዳለው በሹክሹክታ። «ከኮምፒውተሩ ጋር ተቃጠለ እንላለን። ማን ያውቃል? እባክሽ።»

ይማርሽ ባዶውን ፎልደር ተመለከተች። ተቃጠለ ቢባል እናቷ መብራቱን ትራገም ይሆናል፤ ሰው ግን አትቀየምም። ለአፍታ ያ ይሻል ይሆን ብላ አሰበች።

«ጋሼ፣ እንዳለ ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ምንም አይጥፋ። ደግሞ... ጠርጥሬዎት ነበር፣ ይቅርታ።»

«መች ጠፋኝ» አሉ እየሳቁ። «ብሎኖቼን ስትቆጥሪብኝ አልነበር እንዴ?»

ኮምፒውተሩን በሁለት ወገን ይዘው ወጡ። እንዳለው ወደ ትምህርት ቤቱ ሊታጠፍ ሲል ይማርሽ ባለችበት ቆመች።

«በዚህ ነው» አለችው፣ ወደ ቤታቸው የሚወርደውን መንገድ በአገጯ እያሳየች። «መጀመሪያ እማዬ ጋ።»

«ምን ልላት ነው?»

«እኔ አልነግርልህም።»

እንዳለው ቁልቁለቱን አየ። ከዚያ በእሱ በኩል ያለውን ጎን አጥብቆ ያዘ፤ ይማርሽም በእሷ በኩል ያለውን አልለቀቀችም። መውረድ ጀመሩ።