ያልተቀየረው አራት

እኔ የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ሻይ ልዘዝ ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ኮምፒውተር የወደድኩትም የታዘዘውን ብቻ ስለሚሠራ ነው፣ እንግዲህ ይህን ማውራቴ ለራሴም ያሳፍረኛል።

የፓራለል ኮምፒውቲንግ፣ ማለትም ኮምፒውተርን አንድ ሥራ ከፋፍሎ ባንዴ የማሠራት ኮርስ፣ ፋይናል ደርሶ ነበር፣ እሱን የወደቀ ደግሞ አይመረቅም። እንደ ልማዳችን እኔ፣ በረከት፣ ሄለንና ናቲ ምዕራፎቹን ለአራት ተካፍለን ነበር፣ እያንዳንዱ የራሱን አንብቦ ለሌሎቻችን ያስረዳል፣ የሰው ድርሻ ማንም አይነካም። ባሪየር የሚባለው የበረከት ነበር፣ ማለትም ሥራ የተከፋፈሉ የፕሮግራም ክፍሎች፣ ሠራተኞች የምንላቸው፣ ሁሉም ካልደረሱ አንዱም የማያልፍበት ቦታ። በረከት ግን ኤርፖርት ካርጎ ሥራ ውሎ ጎሮ ሰፈር እኔ ጋ ሊያጠና ሲመጣ መኪና ገጭቶ ገደለው። ዲፓርትመንቱ ፈተናውን አንድ ቀን እንኳ አላራዘመልንም፣ የሐዘን መግለጫውን ከፈተናው ፕሮግራም ጎን ለጥፎ አረፈው፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በቀብሩ ሳምንት እኔ፣ ሄለንና ናቲ የኪራይ ክፍሌ ውስጥ እሱ የጻፈውን ፕሮግራም ከፍተን ተቀመጥን። ኮዱ ውስጥ ያሉትን አራት ሠራተኞች በእኛ ስም ሰይሟቸዋል። ሄለን እንባዋን እየጠረገች የእሱን ስም አጠፋችና ራን አድርጋ አስነሳችው፣ ፕሮግራሙ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ባሪየሩ አራት ነው እኮ የሚጠብቀው፣ ቁጥሩን አልቀየርሽውም» አላት ናቲ።

«ተወው በናትህ፣ ይጠብቅ» አለችው።

ወዲያው መብራት ሄደ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ ከዚያ የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ፣ በረከት በቁልፉ እንደሚያንኳኳው፣ ቀስ እያለ። ኮሽ ባለ ቁጥር የሚጮኸው የአከራዬ ውሻ ዝም አለ። ውጭ እየዘነበ ስለነበር ዝናቡ ነው አልኩ፣ ምን ልበል? ቀጥሎ እሱ የሚቀመጥበት ባዶ የፕላስቲክ ወንበር ሲጥጥ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ደግሞ አራቱም ሲደርሱ እንድትወጣ በረከት ራሱ የጻፋት መስመር ወጣች፦ «ሁላችንም ደርሰናል፣ እንለፍ»።

ናቲ ኮዱን አየው፣ ሦስት ሠራተኛ፣ አራት ቁጥር። ደግመን ሞከርነው፣ ቆመ። አሁንም ሞከርነው፣ ቆመ።

«ምነው ስሙን ባላጠፋሁት» አለች ሄለን።

ፈተናው ላይ ያችው ጥያቄ መጣች፣ ባሪየሩ አራት እየጠበቀ ሦስት ብቻ ቢደርሱ ምን ይሆናል? «ለዘላለም ይቆማል» ብዬ ጻፍኩ፣ ሙሉ ማርክ ሰጡኝ፣ ተመረቅኩ፣ ያየሁትን ብጽፍ ዜሮ ነበር የሚሰጡኝ።

ዛሬም እዚያው ክፍል ነኝ፣ አንዳንዴ ሲመሻሽ ፕሮግራሙን አስነሳና እንደቆመ አየዋለሁ፣ ናፍቆኝ ነው። ውጭ ያ ውሻ በድንገት ዝም ካለ ግን ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጌ እዘጋዋለሁ።