የሮሃ አባት

አንድ ብቻ መሆን ነበረበት።

ስክሪኑ ላይ ግን ሁለት ይላል።

ርሆቦት ላፕቶፑን ቀስ ብላ ወደ ራሷ አዞረችው። ከላፕቶፗ ኢንተርኔት የሚጋሩት ዕቃዎች ስማቸው ተዘርዝሯል። አንዱ የዘርዓብሩክ ፕሌይስቴሽን ነው፤ ይኸው ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ ያጉረመርማል። ሁለተኛው ስልክ ነው። የስልኩ ስም «የሮሃ አባት» ይላል።

ስሙን ታውቀዋለች።

ርሆቦት እውነተኛ ስሟ አይደለም። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ ብላ ጉለሌ፣ እማማ አበራሽ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት የተከራየችው ልጃቸውን ዘርዓብሩክን ለመሰለል ነው። ዘርዓብሩክ ባንክ ይሠራል፤ የደንበኞችን አድራሻ አውጥቶ ይሸጣል። ዛሬ የሚሸጠው በወርቅ ኮንትሮባንዲስቶች ላይ የመሰከረች ሴት የተደበቀችበትን ቤት ነው። ርሆቦት የምትሠራበት የደህንነት መሥሪያ ቤት «ንብ» ይላታል። ቤቱን የምታውቀው ርሆቦት ብቻ ነበረች፣ ዘርዓብሩክ ከባንኩ መዝገብ እስኪያገኘው ድረስ። ንብ ገና ጡት ያልጣለ ልጅ አላት። አድራሻው ከወጣ ሁለቱም አያድሩም።

ሽያጩ በጌም ነው። ዘርዓብሩክ ፕሌይስቴሽኑን ይከፍታል፣ ገዢው በስልኩ ይገባል፣ አድራሻው በጌሙ መልእክት ይሄዳል። ኳስ የሚጫወትን ጎረምሳ ማን ይጠረጥራል? ስለዚህ ርሆቦት የቤቱን ራውተር በገዛ እጇ አበላሸችው። የእሷ የሚሰካ የኢንተርኔት ዶንግል ደግሞ ላፕቶፕ ላይ እንጂ ፕሌይስቴሽን ላይ አይሠራም። ዘርዓብሩክ ራሱ መጥቶ፣ በናትሽ ከላፕቶፕሽ ሼር አድርጊልኝ ብሎ ለመናት። እሷም እያመነታች እሺ አለችና ላፕቶፗን ይዛ ክፍሉ ገባች። አሁን ፕሌይስቴሽኑ የሚልከው ሁሉ በላፕቶፗ በኩል ነው የሚያልፈው። ገዢው ሲገባ ማንነቱ ይመዘገባል፤ አድራሻው ሳይላክ እሷ ትቆርጣለች። በቃ፣ ሥራው ይሄው ነበር።

ስልኳ ጭኗ ላይ ነዘረ። አለቃዋ፣ በሚስጥር ስሙ «ዋርካ»፣ መልእክት ልኳል።

«ሸጎሌ ነኝ፣ መኪና ውስጥ። ቁረጪ እስክልሽ እንዳትቆርጪ።»

ውሸታም።

ክረምት ላይ፣ ሸጎሌ ባለው ሚስጥራዊ ቤት ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ዋርካ ከዚሁ ላፕቶፕ ተጋርቶ ነበር። ዋርካ ማለት ጋሽ ደበላ ነው፤ ሥራውን አንድ በአንድ ያስተማራት ሰው። ያን ቀን «የሮሃ አባት» የሚለው ስም ስክሪኗ ላይ ሲወጣ ሳቀችበት። በእኛ ሥራ ስልክ በልጅ ስም ይጠራል እንዴ አለችው። እቀይረዋለሁ አላት። አልቀየረውም። ስልኩም ዋይፋይዋን አልረሳም፤ ላፕቶፑ አጠገብ ሲደርስ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ገባ። ይሄ ዋይፋይ ደግሞ የግቢውን አጥር እንኳ አያልፍም።

እዚህ ቤት ውስጥ ነው።

ከግድግዳው ማዶ፣ ሳሎን ውስጥ፣ መዝሙር ይዘመራል። ቅዳሜ ከሰዓት የእማማ አበራሽ የጸሎት ኅብረት ነው፤ በሩ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ጋሽ ደበላ ያን ሁሉ ጊዜ ንብ የት ናት እያለ የጠየቃት ለደህንነቷ አልነበረም። ገዢው እሱ ነው። የመጣው እሱን የመዘገበውን ላፕቶፕ ሊወስድ ነው። ስክሪኑን ያየችውን እሷንም ጭምር።

ፈራች። ጠላቷን ፈርታ ታውቃለች፣ የራሷን ሰው ግን እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«ገባ» አለ ዘርዓብሩክ ለራሱ።

መጻፍ ጀመረ። በጆይስቲክ መጻፍ ቀርፋፋ ነው፤ ፊደል ይፈልጋል፣ ይጫናል፣ ሌላ ይፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ላይ «እንጦጦ» ወጣ። ቀጥሎ «ማርያም»። ቀጥሎ «በስተጀርባ»።

መላኪያውን ሊጫን ሲል ቆረጠችው።

«ምነው? ጠፋ እኮ!»

«ዶንግሉ ነው። ውጪ ወጥቼ ኔትወርክ ልፈልግለት።»

ላፕቶፑን አቅፋ ተነሳች። ስልኳ እንደገና ነዘረ።

«ለምን ቆረጥሽ?»

ሸጎሌ ያለ ሰው ይሄን በምን አወቀ?

መውጫው በሳሎኑ በኩል ብቻ ነው። ጋሽ ደበላ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ እጁ ጃኬቱ ውስጥ። ሲያያት ፈገግ አለ። ከዚያ ላፕቶፑን አየና ተነሳ።

ብትሮጥ ይከተላታል። ብትጮህ ማን ያምናታል?

አንድ ነገር ትዝ አላት። እዚህ ቤት አዲስ ሰው ሳይጸለይለት አይወጣም። እሷም የመጀመሪያ ቀን ተጸልዮላታል፤ አስመሳይ ሆና ገብታ የምር አልቅሳ ነበር የወጣችው።

«እማማ፣ ወንድማችን እንግዳ ነው» አለች። ድምጿ ተሰበረ፤ መሰበሩ ጠቀማት። «ልጁ ሮሃ ታማበታለች። ጸልዩለት።»

የጋሽ ደበላ ፈገግታ ጠፋ።

«ውይ የኔ ልጅ!» አሉ እማማ አበራሽ፣ እጃቸውንም ራሱ ላይ ጫኑ። ሌሎቹ ተከተሉ። ትከሻው፣ ጀርባው፣ ጃኬቱ ውስጥ ያለው ክንዱ ሳይቀር በእጅ ተሸፈነ። በጌታ በኢየሱስ ስም እያሉ በአንድ ላይ ጮኹ። በእጆቹ መሃል ዓይኑን ሳይነቅል እያያት ቀረ።

ወጣች።

አጥሩን እንደተሻገረች ላፕቶፑ የመዘገበውን ከጋሽ ደበላ ስም ጋር ለዋናው ቢሮ ላከች። ከዚያ ንብ ዘንድ ደወለች። «ልጅሽን አዝለሽ ውጪ። አሁኑኑ። ምንም አትያዢ» አለቻት።

የዊንጌት ታክሲ ውስጥ እያለች መልስ መጣ። ዘርዓብሩክና ጋሽ ደበላ ግቢው ውስጥ ተይዘዋል፤ ንብ ደህና ናት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ለሮሃ ባለፈው የገና በዓል ጫማ የገዛችላት እሷ ናት። ማን ምን ብሎ ይነግራታል?

ስልኳ ጠራ። እማማ አበራሽ ናቸው። ልጃቸው እፊታቸው በካቴና ተወስዶባቸው፣ የሚደውሉት ለተከራያቸው ነው። ጸልዪልኝ ሊሏት ይሆናል። እስኪያቆም ጠበቀች፣ ከዚያ ሲም ካርዱን አውጥታ በመስኮት ጣለችው።

አጠገቧ የተቀመጡት እናት ትከሻዋን በመዳፋቸው ነካ አደረጓት። በድንጋጤ ዘላ ልትነሳ ነበር።

«አይዞሽ ልጄ፣ ምነው እንዲህ ትንቀጠቀጫለሽ? ስምሽ ማነው?»

ከመስኮቱ ማዶ አንድ የልብስ ሱቅ ታፔላ አለ። አነበበችው።

«ሠርካዲስ» አለች።