የማትሰማዋ እንግዳ

«አትዙሪ።»

ሩት አልዞረችም። ከፊቷ ከተቆለለው በርበሬ አንድ ዛላ አንስታ አሸተተችና አስነጠሳት። የቡሬ የቅዳሜ ገበያ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ በርበሬ የሚመርጥ መስሎ በእንግሊዝኛ ያንሾካሹካል።

«የተከተለሽ አለ?»

«የለም። ሁለት ጊዜ ሚኒባስ ቀይሬ ነው የመጣሁት።»

«ፎቶዎቹስ?»

«ከዘንቢሉ ሥር ናቸው።»

ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። እሱ ተመሳሳዩን አጠገቡ አስቀመጠና የእሷን አነሳ።

«መጽሐፉ መቼ ይወጣል?»

«ሐሙስ። በኮሌጁ መኪና፣ ከአፈር ናሙናው ሥር ተደርጎ።»

«ጎበዝ፣ ዋኖስ። አንዲት የአማርኛ ቃል እንዳታመልጥሽ።»

ዞር ስትል ሰውዬው የለም። የምሥጢር ስሙ ጉሬዛ ነው፤ የእሷ ደግሞ ዋኖስ። አለቃዋም እሱ ነው።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ ለአንድ ዓመት የትምህርት ልውውጥ ከናይሮቢ የመጣች የግብርና ተማሪ መሆኗን ነው የሚያውቀው። ተማሪነቷ ውሸት አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት ቤተ ሙከራ ትገባለች፣ እሑድ ልብሷን ታጥባ ላህ ወንዝ ዳር ታሰጣለች። ሕፃናት ባዩዋት ቁጥር «ኬንያ! ኬንያ!» እያሉ ይከተሏታል። የላካት ግን የተሰረቁ ቅርሶችን የሚያስመልስ አንድ ትንሽ ቢሮ ነው። ከቋሪት ገጠር፣ ከአንዲት ደብር የጠፋ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ፣ ድጓ፣ ከነገዢው እንድታገኝ ነበር የተላከችው። እናቷ ከደምበጫ ወጥታ ናይሮቢ የቀረች ሴት ናት። ሩት አፏን የፈታችው በአማርኛ ነው። ይህን ከጉሬዛና ከቢሮው በቀር የሚያውቅ የለም።

ለማደሪያ የሰጧት የወይዘሮ እናኑን ቤት ነው። ልጃቸው ወንዳወቅ በምትማርበት ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሲሆን ለአፈር ናሙና ቋሪት ይመላለሳል። ድጓውን ከደብሩ ያወጣው እሱ ነው። ሩት ከናሙናው ሥር ብራናውን አይታ ፎቶ ባነሳች ዕለት እራት አልበላ አላት።

ወይዘሮ እናኑ አማርኛ የማትሰማ መስሏቸው ቋንቋ ያስተምሯታል።

«ይኸ ማንኪያ ነው። በይ እስቲ፣ ማንኪያ።»

«ማንቻ።»

«ወይ አንች ልጅ!» እያሉ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ።

አንድ ቀን አብረው ሽንኩርት ሲልጡ እናኑ ብቻቸውን እንደሚያወሩ ሆነው ጀመሩ።

«ትሰሚኝ እንደሁ እንዲህ አልልም። የወንዳወቅ እህት ያምሮት ብትኖር ያንች እኩያ ነበረች። አንድ ሳምንት አተኮሳትና ሄደች። ስምሽን ስጠራ ስሟ ነው ከአፌ የሚመጣው፣ ልጀ።»

ሩት ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«እሰይ፣ ሽንኩርቱ አስለቀሳት» አሉ እናኑ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት የወንዳወቅ ስልክ ጠራ። እናኑ ጓሮ ናቸው። እሱ እጁን እየታጠበ ስለነበር ስልኩን በክርኑ ነክቶ ድምፁን ከፈተው። ሩት ከጠረጴዛው ማዶ ማስታወሻዋን ትገለብጣለች።

«ሐሙስ ቀርቷል» አለ ድምፁ። «ረቡዕ ይሁን። ማንኩሳ።»

የጉሬዛ ድምፅ ነበር።

ሩት ገጹን ገለበጠች።

«ልጅቱ አጠገብህ የለችም?»

ወንዳወቅ ቀና ብሎ አያት። አማርኛ አትሰማም። ነገር ማብዛት አልፈለገም።

«የለችም።»

«ጥሩ። ከመጽሐፉ ሁለት ቅጠል ገንጥለህ ሻንጣዋ ውስጥ ክተት። ገበያ ላሳይሽ ብለህ ይዘሃት ና። ኬላው ላይ እሷን ሲይዙ አንተ ታልፋለህ።»

«እሷ ምን አደረገች ጋሼ? ቤታችን ያለች እንግዳ ናት እኮ።»

«ውጭ አገር መማር ትፈልጋለህ አትፈልግም? ቪዛህ እጄ ላይ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ወንዳወቅ ከእጁ ውሃ እየተንጠባጠበ ቆመ። ሩት ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን እንደሰረቀ ገባት። እሷ የምትኖረውን ኑሮ ነው የተመኘው፤ የሩቅ ከተማ፣ ባዕድ ትምህርት ቤት፣ በጠማማ ምላስ ማንኪያ ማለት።

ከሰዓት ከቤተ ሙከራው ጀርባ ቆማ ለክፉ ቀን የተሰጣትን ቁጥር ደወለች። ባሕር ዳር ያለችው የቢሮው መርማሪ ካሰች አነሳችው።

«ዋኖስ ነኝ። ጉሬዛ ከድቷል። ገዢው ራሱ ነው።»

«ማስረጃ?»

«በጆሮዬ ሰማሁት። ረቡዕ፣ ማንኩሳ።»

«እንገኛለን። ልጁንም እንይዛለን። የምታድሪበት ቤት ልጅ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ትችያለሽ?»

ሩት ስልኩን ዘጋችው።

ረቡዕ ጠዋት ወንዳወቅ ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ የኮሌጁ መኪና ላይ ጫነ። እናኑ በር ላይ ቆመው ሸኟቸው። ኬላው ሲደርሱ ፖሊሱ ሻንጣዋን ከፈተ።

ደብተር። ሹራብ። ጫማ።

«ምንም የለም። እለፉ።»

ቅጠሎቹን አልከተተም።

ወንዳወቅ ግንባሩን በመዳፉ ጠርጎ መኪናውን አስነሳ። ሩት ኪሷ ውስጥ ስልኳን ነካች። ቢሮውን ልታስቆም፣ ቢያንስ ልጁ ይለፍ ልትል ፈለገች። ኔትወርክ የለም።

ማንኩሳ ገበያ ዳር ነጭ ላንድክሩዘር ቆሟል። ጉሬዛ ሩትን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ለምን አልተያዘችም?»

«እንግዳ አልሸጥም» አለ ወንዳወቅ። «መጽሐፉንም አልገነጥልም። ወደ ደብሩ ልመልሰው ነው፤ ይህን በፊትህ ልነግርህ ነው የመጣሁ። ቪዛህን ያዘው።»

ጉሬዛ ወደ ሩት ዞረ።

«አንቺ ነሽ የነገርሽው?»

በአማርኛ ነበር የጠየቃት። ወንዳወቅ ሁለቱን እያፈራረቀ አየ።

ፊሽካ ተነፋ።

በርበሬ ገዢ መስለው የቆሙት የካሰች ሰዎች ዘንቢላቸውን ጥለው ወደ እነሱ ሮጡ። ጉሬዛ ድጓው ያለበትን ጆንያ ከወንዳወቅ እጅ ነጥቆ ላንድክሩዘሩ ውስጥ ዘለለ። ወንዳወቅ የጆንያውን ጫፍ አልለቀቀም። መኪናው ተፈተለከ፤ ጎተተው፤ ጆንያው ከበሩ ወጥቶ መንገድ ላይ ወደቀ። ወንዳወቅ ከጎማው ሥር ገባ።

ላንድክሩዘሩ መቶ እርምጃ ሳይርቅ የአህያ ጋሪ መንገዱን ዘጋው። ጉሬዛ ተያዘ። ድጓው አንድ ቅጠል አልጎደለውም።

ሩት አቧራው ላይ ተንበርክካ የወንዳወቅን ራስ አቀፈች።

«ወንዳወቅ፣ አይዞህ። እባክህ ዓይንህን አትጨፍን።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ትሰሚ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን።»

ሊስቅ የሞከረ መሰላት። «ለእምዬ...» አለ፤ «እንግዳችንን አልሸጠም በያት።»

ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

በሠልስቱ ካሰች ደወለች። «ማንነትሽ አልታወቀም። እናቲቱ የሚያውቁት ከሌባ ዕቃ ሊያስጥል ሲል መኪና ገጨው የሚለውን ነው። አሁኑኑ ውጪ። አንዲት ቃል እንዳትናገሪ።»

ሩት ሻንጣዋን ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። እናኑ ጥቁር ነጠላቸውን አገልድመው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«አገርሽ ልትገቢ ነው አይደል? ሂጅ ልጀ። አንችም እናት አለሽ።» ፊታቸውን ወደ ለቀስተኞቹ መለሱ። «ምን ብየ ብነግራት ይገባታል? ልጀ ሲሞት ያየች እሷ ናት፤ ምን እንዳለ የምትነግረኝ ምላስ የላት።»

ሩት ተነሣች። ድንኳኑ በር ደረሰች። ቆመች። ተመለሰች።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እማማ» አለች።

የእናኑ እጅ ጭናቸው ላይ ቀረ።

«ከመቼ ወዲህ ነው የምትሰሚ?» አሉ።

«ከመጀመሪያውም እሰማ ነበር። የላኩኝ የተሰረቀ የደብር መጽሐፍ እንዳገኝ ነው፤ ያወጣው ወንዳወቅ ነበር።»

«ያምሮትን ሳነሣ?»

«አዎ።»

«ልጀን... አንች ነሽ ያስያዝሽው?»

«አዎ። ሊሸጠኝ ነው ብዬ ነበር። አልሸጠኝም። ሳይሞት፣ ለእምዬ እንግዳችንን አልሸጠም በያት አለኝ። መጽሐፉንም ሊመልስ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

እናኑ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሲረጋጉ እጃቸውን ዘርግተው የሩትን ጉንጭ ዳሰሱ።

«ቃሉን ስላመጣሽልኝ እግዜር ይስጥሽ» አሉ። እጃቸውን መለሱ። «በይ አሁን ሂጅ። ተመልሰሽ እንዳትመጭ።»

ባሕር ዳር መናኸሪያ የካሰች ሰው ፓስፖርቷን ተቀብሎ ሌላ ሰጣት። ስሙን ሳታነብ ኪሷ ከተተችው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ የታሸገ ቆሎ ከፍተው ጋበዟት።

«የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«እዚሁ ነኝ፣ እናቴ» አለች።

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እሷም ቆሎውን በመዳፏ እንደያዘች ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሲሞላ ማንም ለይቶ አላያትም።