ብቻሽን ነይ

«ትንሽ ዝቅ አድርጊና አንሺኝ። አጥሩ እንዳይገባ!»

ትርሲት ስልኩን ዝቅ አድርጋ እህቷን አነሳቻት። የንፋስ መውጫ ከተማ ነፋስ የሰብለን ነጠላ እየገለበጠ ፎቶውን ደጋግሞ ካበላሸ በኋላ በመጨረሻ አንዱ ደህና ወጣ።

«ለማን ነው እንዲህ መሽቀርቀር?» አለች ትርሲት እየሳቀች።

«ምን አገባሽ? አንቺ የአሥረኛ ክፍል ትምህርትሽን ተማሪ።»

ሰብለ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከተማው ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ስልኩን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ መልእክት ብቅ አለ። ትርሲት ሳታስበው አነበበችው፦ «ቅዳሜ ብቻሽን ነይ። ለእናትሽ ኋላ አብረን እንነግራታለን።»

ሳቋ ጠፋ። «ማን ነው ይሄ?»

ሰብለ መጀመሪያ ተቆጣች። ግን ምስጢሩ ለብቻዋ ከብዷት ኖሮ የቤታቸው ደፍ ላይ ተቀመጠችና ነገረቻት። ስሙ ቀለመወርቅ ነው። የእስቴ አገር ልጅ ነው፤ አሁን ደብረ ታቦር አካባቢ መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ። የተዋወቁት አንዲት ባልደረባዋ ባሳየቻት ነፃ የመተዋወቂያ ገጽ ላይ ነው። ፎቶውንም አሳየቻት። ለጥምቀት ነጭ ለብሶ የሚስቅ ቆንጆ ሰው ነው።

«በቪዲዮ አይተሽዋል?»

«መንገዱ የሚሠራበት ሳይት ላይ ለቪዲዮ የሚበቃ ኔትወርክ የለም።»

«ድምፁንስ ሰምተሻል?»

«ፖሊስ ነሽ እንዴ አንቺ?» ሰብለ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የክርስትና ስሙን ሰጥቶኛል፤ ኃይለ ሚካኤል። በጸሎትሽ አስቢኝ አለኝ። የእኔንም ሰጠሁት። እስቲ ንገሪኝ፣ ሰው በክርስትና ስሙ ይዋሻል?»

 በእነሱ ቤት የክርስትና ስም በየመንገዱ አይጠራም። ሰብለ ወለተ ሥላሴ መሆኗን የሚያውቁት እናታቸው፣ የንስሐ አባታቸውና እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ያን ስም ለአንድ ሰው መስጠት ራስን እንደ መስጠት ነው። አሁን ግን ማንነቱን በማያውቁት ሰው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል።

«እማዬስ?»

«ለሥልጠና ነው የምሄደው ብያታለሁ። ትንፍሽ እንዳትይ!»

በማግስቱ ከትምህርት ሲወጡ ትርሲት ነገሩን ለክፍል ጓደኛዋ ለተሻገር አወራችው። የእህቷን ስም ግን አላነሳችም።

«ፌክ ነው ባክሽ» አለ ገና ሳትጨርስ። «እነዚህ ሁሌም ወይ መሐንዲስ ናቸው ወይ ሐኪም። ‹ገብስ አራሽ ነኝ› የሚል ፌክ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አትቀልድ!»

«እሺ፣ ታዲያ ለምን ራሱን አንጠይቀውም?»

ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠው በተሻገር ስልክ መተዋወቂያው ገጽ ላይ አካውንት ከፈቱ። ገጹ ስም ጻፊ አላት፤ ቦጋለች ብላ ጻፈች። ዕድሜ አላት፤ ሃያ ሦስት አለች። ፎቶ ሲላት ተሻገር ያነሳውን የገብስ ማሳ አስገባች። መታወቂያ የሚጠይቃት መስሏት ጠበቀች። ማንም ምንም አልጠየቃትም።

«አለቀ? በቃ እንዲህ ቀላል ነው?»

«እና ለእሱ የሚከብደው መሰለሽ?»

ያንን የጥምቀት ፎቶ ፈልገው አገኙትና ሰላምታ ጻፉለት። ወዲያው መለሰ። ጨዋ ነው። «እህቴ» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። በሚቀጥለው ቀን ስልኩን ሲከፍቱ ረዘም ያለ መልእክት ጠበቃቸው።

«የክርስትና ስሜን ለሰው አልሰጥም። አንቺን ግን ልቤ አመነሽ። ወልደ ሰንበት እባላለሁ። በጸሎትሽ አስቢኝ።»

ተሻገር ከት ብሎ ሳቀ። «ስንቴ ነው ክርስትና የተነሳው ይሄ ሰውዬ?»

ትርሲት አልሳቀችም። ሁለተኛ መልእክት ገባ።

«ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ቤታችሁ ወንድ አለ?»

የተሻገርም ሳቅ ቆመ። ትርሲት ቃላቱን ደጋግማ አየቻቸው። አባታቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ወንድም የላቸውም። ሰብለም ይህ ጥያቄ ሳይደርሳት አልቀረም። ሰብለ ደግሞ ሲጠይቋት እውነቱን የምትናገር ሰው ናት።

«ዛሬውኑ ንገሪያት» አለ ተሻገር፣ የመልእክቶቹን ምስል ወደ ስልኳ እየላከላት። እህቷ መሆኗ ገብቶታል።

«ሰለልሽኝ ትለኛለች። ሁለተኛ አታናግረኝም።»

«አታናግርሻ!»

ለእሱ መናገሩ ቀላል ነው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ትርሲትን ያስጠናቻትም፣ ዩኒፎርም የገዛችላትም ሰብለ ናት። አርብ ማታ ቀሚሷን እየተኮሰች ስታንጎራጉር ትርሲት ልትነግራት አፏን ከፈተች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይታት አታውቅም። «ጠዋት እነግራታለሁ» ብላ ተኛች።

ጠዋት ስትነቃ የሰብለ አልጋ ባዶ ነበር።

መናኸሪያው ድረስ ሮጠች። «ደብረ ታቦር! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ። ሰብለ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ሰብለ፣ ውረጂ!»

«ምን ሆነሻል? እማዬ ደህና አይደለችም?»

ትርሲት የመልእክቶቹን ምስል ከፍታ ስልኳን በመስኮቱ አቀበለቻት። ሰብለ አነበበች። ፊቷ ቀላ። «ይቺ ቦጋለች ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰለልሽኝ?»

«አዎ።»

«ቀንተሽ ነው! እኔ ደስ ሲለኝ አትወጂም!»

ትርሲት ይህን አልጠበቀችም፤ ዕንባዋ መጣ። ቢሆንም ከመስኮቱ አልራቀችም። «እሺ፣ ቀንቼ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጻፊለት። ‹እህቴ አብራኝ እየመጣች ነው› በይው። ደስ ካለው ትሄጃለሽ፤ ከዚያ በኋላ ቃል አልናገርም።»

«እህት፣ ትወርጃለሽ ወይስ በሩን ልዝጋው?» አለ ረዳቱ።

ሰብለ ጻፈች። መልሱ አልዘገየም።

«ብቻሽን አላልኩም?»

ቀጥሎ፣ «መልሻት።»

ቀጥሎ፣ «ካልመጣሽ እኔ እመጣለሁ። የምታስተምሪበትን አውቀዋለሁ። ስትወጪ በየት በኩል እንደምታልፊም አውቃለሁ።»

ሰብለ ቦርሳዋን አንስታ የተቀመጡትን ሰዎች ጉልበት እየገፋች ወረደች። ረዳቱ ቦታዋን ለሌላ ሰው ሰጠና ሚኒባሱ ሄደ። ሁለቱ እህትማማቾች አቧራው ውስጥ ቆመው ቀሩ። ሻይ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ስልኩን እያየ ነው። ከባጃጆቹ አጠገብ ሌላው። ከአጥሩ ተደግፎ ደግሞ ሌላው። ትርሲት እነዚህን ሰዎች ሁሌም ስታያቸው የኖረች ይመስላታል። ዛሬ ግን አንዳቸውንም አላመነችም።

ሰብለ የሰውየውን መልእክቶች ከፈተች። «ላጥፋው። ሁሉንም ላጥፋው። ማንም ሳያውቅ።»

«አታጥፊው።»

«ፖሊስ ጋ ሄጄ ይሄን ላስነብብ? የከተማው መሳቂያ ልሁን?»

«ሌላዋስ?»

«የቷ ሌላ?»

«ነገ የምትሳፈረዋ። ቦጋለችን በአንድ ቀን ነው ‹ልቤ አመነሽ› ያላት፤ ስንቷን እንዲህ እንደሚል ምን እናውቃለን?»

ሰብለ ስልኩን አየችው። ጣቷ ማጥፊያው ላይ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ምንም ሳትነካ ስልኩን ለትርሲት ሰጠቻት።

«ያዥልኝ» አለች። «እኔ ጋ ካለ አጠፋዋለሁ።»

ወደ ገበያው ሄዱ፤ ገና እየሞላ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ከምትሸጣቸው የገብስ ጆንያዎች መካከል ቀና ብላ አየቻቸው፤ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ወዲያው ግን ፊታቸውን አይታ ፈገግታዋን ተወችው።

«ምነው ተመለስሽ? ሥልጠናው ቀረ እንዴ?»

ሰብለ ወደ ትርሲት ዞረች። ትርሲት ልትናገርላት ትችል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ነገሩን ለእህቷ ትታ ከጎኗ ቆመች።

«ሥልጠና አልነበረም፣ እማዬ» አለች ሰብለ።