የግራ እጅ ጓንት

ከአሥሩ ጥፍሮቿ ሰባቱ ተሰንጥቀው ነበር። የሁለቱ አውራ ጣቶቿ ጥፍር ከጫፉ እንደ ሽንኩርት በንብርብር ይላጣል። የቀኝ ሌባ ጣቷ ጥፍር ከመሃሉ ወደ ታች ተተርትሮ ፀጉሯን በነካች ቁጥር ይይዝባታል። ደህና የሚባሉት ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿና የግራ ቀለበት ጣቷ ብቻ ነበሩ። ጓደኛዋ ራዲዮ «የበፊቱን» ፎቶ ያነሳቻት በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ነው።

«አትነቃነቂ!» አለች ራዲዮ ስልኳን አስጠግታ። «ጥርስሽን የምነቅል መሰለሽ እንዴ?»

«ቶሎ በይ፣ ሰው ይመጣል።»

«ይምጣ! ከሁለት ወር በኋላ ይሄን ፎቶ ያየ ሁሉ አፉን ነው የሚይዘው።»

ራዲዮ የተባለችው አፏ ስለማይዘጋ ነው። ባለ ጥፍሯ ደግሞ ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ በመሆኗ ሚጢጢ ትባላለች፤ ክፍል ውስጥ ግን ስሟ «መጋዝ» ከሆነ ሰነባብቷል። አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ስታቀብል የጥፍሯ ስንጥቅ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ልጅ ሹራብ ላይ ተያዘና ክሩን ተረተረው። «እጅ ነው ወይስ መጋዝ?» አለ ልጁ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ያልሳቀችው ራዲዮ ብቻ ነበረች። «ያንተ ሹራብ ድሮም በክር አልተሠራም፤ በምራቅ የተጣበቀ ነው!» ብላ ሳቁን ወደ ልጁ አዞረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሱም ስም «ሹራብ» ሆነ። ሚጢጢ ግን እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ጫፍ እየሳበች መሄድ ለመደች። ዝም ብላ መቀመጥም አቃታት፤ አንዱ ጣቷ ሁልጊዜ የሌላውን ጥፍር ጫፍ ይፈትሻል፣ የተነሳ ካገኘ ይልጠዋል።

ኪኒኑን ያመጣችውም ራዲዮ ናት። ታላቅ እህቷ የውበት ሳሎን ውስጥ ጥፍር ትሠራለች፤ በቅርቡ ደግሞ ለጥፍርና ለፀጉር የሚሆን ቫይታሚን መሸጥ ጀምራለች። «ላንቺ በነፃ ነው» አለች ራዲዮ ብልቃጡን እያቀበለቻት። «እህቴ የምትፈልገው ሁለት ፎቶ ብቻ ነው፤ የበፊትና የበኋላ። ፊትሽ አይታይም።» የሚጢጢ እናት ብልቃጡን ሰፈር ላለው ፋርማሲስት አሳየችው፤ ጉዳት እንደሌለው ሲነግራት ፈቀደች።

እናቷ ለውዝ ፈጭታ የለውዝ ቅቤ ለሱቆች ታስረክባለች። የምታሽግባቸው አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ያገለገሉ ናቸው። ከትምህርት ቤት መልስ የሚጢጢ ሥራ ጠርሙሶቹን ሙቅ የሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ የድሮ ወረቀታቸውን ማንሳት ነው። ወረቀቱ ወዲያው ይለቃል። ሙጫው ግን ሙጭጭ ይላል፤ እሱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ትፍቀዋለች፣ ቀኙ ሲደክማት በግራው። በጥፍርሽ ፋቂ ያላት ሰው የለም። ልጅ ሳለች እንደዚያ ጀመረች፣ እንደዚያው ቀጠለች።

ኪኒኑን በጀመረች ሰሞን አንድ ጠርሙስ ስትፍቅ አውራ ጣቷ ደማ።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ ከመፍጫው ቀና ብላ።

«ምንም። ቫይታሚን ስላነሰኝ እኮ ነው።»

«እስቲ አምጪው።» እናቷ ጣቷን አየች፤ ከዚያ ጠርሙሱን አየች። «የኔ እናት፣ እዚህ ቤት ቢላ ጠፍቶ ነው በጥፍርሽ የምትፍቂው?»

በማግስቱ የላስቲክ ጓንትና ለመፋቂያ የሚሆን የተሰበረ የፕላስቲክ ማስመሪያ አመጣችላት። ጓንቱ ከመስፋቱ የተነሳ ጣቶቹ ጫፍ ላይ አየር ይቀራል። «ጥፍርሽን አሳጥሪው» አለች እናቷ። «ማታ ማታ ደግሞ እዚህ ውስጥ ንከሪው።» ያሳየቻት የለውዝ ቅቤው ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ነበር።

ራዲዮ አንድ ጠዋት አጠገቧ ቁጭ ስትል አፍንጫዋን አነሳች። «ዛሬ ደግሞ ብስኩት ብስኩት ትሸቻለሽ። ቁርስሽን በእጅሽ ነው እንዴ ይዘሽ የመጣሽው?»

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል የተሰነጠቀው ሁሉ አድጎ ተቆርጦ ነበር። ሚጢጢ እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች። መጀመሪያ ያየችው፣ እንደተለመደው፣ ራዲዮ ናት።

«አላልኩሽም? አላልኩሽም! ስሙ እናንተ፣ ኪኒን ማለት ይሄ ነው!» እያለች የሚጢጢን እጅ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ለክፍሉ አሳየችው። «በወሩ መጨረሻ ሳሎን እንሄዳለን። እዚያ መብራቱ ጥሩ ነው።»

ሚጢጢ ደስ አላት። ደስታዋ የቆየው ግን እስከ እረፍት ሰዓት ነው። ሹራብ ደረጃው ሥር ጠበቃት፤ ለወትሮው ሲያያት የመጋዝ ድምፅ የሚያሰማው ልጅ ዛሬ ጫማውን እያየ ነበር።

«ስሚ... ያ ኪኒን የምር ይሠራል?»

«ምን አገባህ?»

«ለኔ አይደለም። እናቴ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ጥፍሯ ልክ እንዳንቺ ነው፤ ማለቴ፣ እንደ ድሮሽ። ሌሊት ብርድ ልብሱ እየያዘባት ትነቃለች።» ቀና አለ። «ይሠራል ካልሽ እገዛላታለሁ።»

ሚጢጢ «እነግርሃለሁ» ብላው ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ባዮሎጂ ነበር። መስኮቱ ላይ ተማሪዎች ያበቀሏቸው ባቄላዎች ተደርድረዋል። አንዱ ልጅ የእሱ ከሁሉም የረዘመው አፈሩን ስለቀየረለት እንደሆነ እየተመጻደቀ አስረዳ።

«ቦታውንስ አልቀየርክም?» አሉት መምህሩ።

«ወደ ፀሐይ አስጠጋሁት።»

«መቼ?»

«አፈሩን የቀየርኩ ለት።»

«ታዲያ ያስረዘመው አፈሩ ይሁን ፀሐዩ በምን አወቅህ? ባቄላውን ጠየቅኸው?»

ክፍሉ ሳቀ። ሚጢጢ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠች። አውራ ጣቷ የሌባ ጣቷን ጥፍር ጫፍ ፈተሸ፤ የሚላጥ አልነበረም። ኪኒን፣ ጓንት፣ ማስመሪያ፣ ዘይት፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ነው የመጡት።

የዚያን ቀን ማምሻውን ጠርሙሶቹን ዘፈዘፈችና ጓንቱን አነሳች። የግራውን አጠለቀች። የቀኙን ይዛ ብዙ ቆየች። የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ለስላሳ ነው፣ ጫፉም እኩል ነው፤ እንዲህ ሆኖ ያየችበትን ጊዜ አታስታውስም። ኪኒኑ የሚሄደው ለሁለቱም እጅ ነው። ዘይቱንም ሁለቱም ያገኛሉ። ልዩነት ከመጣ የሚመጣው ከዚህ ከላስቲኩ ነው። የቀኙን ጓንት ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው፣ ባዶ እጇን ሙቁ ውሃ ውስጥ ከተተች፣ ሙጫውን እንደ ድሮው በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች።

«የቀኙ ተቀደደ እንዴ?» አለች እናቷ።

«አልተቀደደም። የማየው ነገር አለ።»

«ምን?»

«ቆይ እማዬ፣ በኋላ።»

ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘችም። ከሥራ በተነሳች ቁጥር እጇን አድርቃ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱ አውራ ጣቶች አንድ ነበሩ፤ እሷም በውስጧ «ይኸው፣ ኪኒኑ ነው!» ብላ ለመጮህ ቃጣት። ለራዲዮ ልትደውል ስልኳን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ቆይቶ የቀኙ ጫፍ ነጣ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ንብርብር ተነሳች። ሚጢጢ ልትልጣት እጇ ሄዶ ነበር፤ ራሷን ያዘችና መዳፏ ላይ ተቀመጠችበት።

በወሩ መጨረሻ ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ ነበር። የራዲዮ እህት አንዲት ደንበኛ ጥፍር ላይ ጎንበስ ብላ እየሞረደች «መጣሁ፣ መጣሁ! እስከዚያ አንቺ አንሺያት» አለች። ራዲዮ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ዘርግታ መብራቱን አስጠጋች።

«በይ የኔ ሞዴል፣ እጅ ወደ ላይ!»

ሚጢጢ እጆቿን ከኪሷ አወጣች። ራዲዮ የቀኙን ስታይ ሳቋ ተቋረጠ።

«ወይኔ! ኪኒኑን አቋረጥሽ?»

«አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ያቋረጥኩት የቀኝ እጅ ጓንቴን ነው።»

«የምን ጓንት?»

ሚጢጢ ስለ ጠርሙሶቹ፣ ስለ ሙጫውና ስለ ጓንቱ ነገረቻት። ራዲዮ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ አዳመጠች፤ ይህ በራሱ ያልታየ ነገር ነበር።

«እና አሁን ሆን ብለሽ ነው ያበላሸሽው?»

«ሆን ብዬ ነው።»

«አንቺ ልጅ ጤና የለሽም!» ራዲዮ ወደ እህቷ ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግድ የለም፣ ግራሽን ብቻ እናንሳ። አምሮበታል። ማን ያውቃል?»

«የሹራብ እናት ቀኑን ሙሉ እጇ ውሃ ውስጥ ነው» አለች ሚጢጢ። «ኪኒኑን ይገዛላትና በባዶ እጇ ማጠቧን ትቀጥላለች።»

«እና አይሠራም ልትዪ ነው? እህቴን ምን ልበላት?»

«አይሠራም አላልኩም። ብቻውን ለኔ እንዳልበቃኝ ነው የማውቀው። ሌላውን አላውቅም።»

ራዲዮ ከንፈሯን ነከሰች። ከወዲያ ጥግ እህቷ «ጨረሳችሁ?» አለች።

ሚጢጢ እጅጌዎቿን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ሁለቱን እጆቿን ፎጣው ላይ ጎን ለጎን አደረገችና ጣቶቿን ዘረጋች። እጆቿ አልተንቀሳቀሱም።

ራዲዮ ስልኩን ወደ ግራው አስጠጋች። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጣችና ሁለቱም እጆች እንዲገቡላት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

ፎቶው ላይ የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ከጫፉ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ ይታያል፤ የግራው ሙሉ ነው።