ቀዳዳዋ መስታወት

ኅዳር ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. ነበር፤ የጉና ውርጭ ደብረ ታቦርን ባነጣበት በዚያ ማለዳ፣ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ወጣቶች በጤና ጣቢያው ደጅ ተሰልፈው ነበር። ብር ሠሪው ኑሩ የሃያ ዓመት ልጁን ሸሪፍን ይዞ ገባ፤ የልጁ ቀኝ ዓይን፣ ዒላማ የሚያይበት፣ አብጦ ያነባል።

«መልማይ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ታውሮ ይጠብቀናል!» አለ መልማዩ ጓድ ማሬ ከበሩ ላይ ሆኖ፤ ሰልፈኛው ሳቀ።

ድሬሰር ዘውዱ መስኮቱን ዘጋ፤ ፋኖሱን ከልጁ ጆሮ ጀርባ አኑሮ አንዲት ባለ እጀታ መስታወት አነሣ። ኑሩ አወቃት፤ የእጁ ሥራ ናት። ዘውዱ በወረቀት ነድፎ ሰጥቶት፣ እሱ መስታወቱን ክብ ቆርጦ፣ ከጀርባዋ ቅቡን የገብስ ቅንጣት ታህል ለማያ ቀዳዳ ፍቆ፣ ከጥይት ቀለህ እጀታ አበጅቶላታል። ሦስት ጊዜ አፍርሶ ነው የሠራት። በመጀመሪያ የታየባትም የኑሩ ሚስት የዘቢባ ዓይን ነበር፤ የፋኖሱ ብርሃን ከመስታወቷ ነጥሮ ሲገባ የጤነኛ ሰው ብሌን ከውስጥ እንደ ፍም ይቀላል።

ኑሩ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ፤ «ዘውዱ ልጄ፣ አያይም በልልኝ። የቁልቋል ወተት ነው፤ አንዲት ጠብታ እኔው አደረግሁበት። የአንበሳሜው ዘመዳችን ልጅም እንዲሁ አድርጎ በሳምንቱ ጠርቶለታል።»

ዘውዱ በቀዳዳዋ ወደ ልጁ ዓይን ተመለከተ። ግራውን አየ፤ ቀኙን አየ፤ መስታወቷን ወልውሎ ደግሞ አየ።

«አድፋ ይሆናል፤ ወዲህ በላት» አለ ኑሩ።

«እንኩ፣ ራስዎ ይዩት፣ ጋሽ ኑሩ።»

በግራው ፍሙ አለ። በቀኙ አመድ ብቻ። ኑሩ መስታወቷን አዘነበለ፣ አቀና፤ አመዱ ያው አመድ ነው።

«ግራህን ሸፍን። ስንት ጣት ነው?» አለ ኑሩ ጣቶቹን ዘርግቶ።

«የቱ ጣት፣ አባባ?»

ከደጅ የሰልፈኛው ሳቅ ይሰማ ነበር። ኑሩ መስታወቷን ለዘውዱ መለሰ። ዘውዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ «እንድዋሽልዎ ነበር የለመኑኝ፤ ውሸቱ አላስፈለገም» አለ።

በማግስቱ ኑሩ ሞረድ ይዞ መጣ፤ ከእጀታዋ ላይ የስሙን ምልክት ፍቆ አጠፋና መለሳት።

የዚያ ዕለት መዝገብ፣ «ሸሪፍ ኑሩ፤ ቀኝ ዓይኑ የጠፋ፤ ለግዳጅ የማይበቃ» ይላል፤ በማን እጅ እንደ ጠፋ አይልም። ታሪክ የዘመተውንና የቀረውን ቆጥሮ አለፈ፤ መስታወቷም ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት የብዙ ሰው ዓይን አሳየች፤ ማን ሠራት ብሎ የጠየቀ ቢኖር፣ ዘውዱ «የገበያ ዕቃ ናት» ይል ነበር።