ሎሚና ነጠላ

አቶ ሃድጉ ሞተው የተገኙት አርብ ጠዋት ነው፤ ካዛንቺስ፣ ከአሮጌዎቹ የጣሊያን ቤቶች በአንዱ፣ ዕድሜያቸውን በፈጁበት የትርጉም ቢሮ ውስጥ። ግንባራቸው በብረት ቁም ሳጥኑ ጠርዝ ተመትቷል። የሸሚዛቸው ቁልፎች ተበጥሰዋል፤ ሰው አንቆ ይዟቸው ነበር ማለት ነው። በእጃቸው ሥር አንዲት ካርድ ተገኘች፤ «ሎሚ» የሚል ቃል ብቻ ተጽፎባታል።

በሩ አልተሰበረም። የበሩ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ጸሐፊያቸው ሪሐና፣ የሥራ ባልደረባቸው መብርሃቶምና ታናሽ እህታቸው መድኃኒት ናቸው። ሬሳውን ያገኘችው ሪሐና ነበረች።

ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ገና ከመግባቷ ሳጅን በለጠ ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃት። በለጠ እንዲሁ ነው፤ ሲቸኩል ጫማውን እንኳ አያስርም።

«በቃ፣ አልቋል! ሟቹ ገዳያቸውን ጠቁመው ነው የሞቱት። ማታ ለሳላቸው ሎሚ የጨመቀችላቸው ይቺ ልጅ ናት፤ ራሷ አምናለች።»

«በየማታው እጨምቅላቸዋለሁ እኮ!» አለች ሪሐና ጥግ ላይ ሆና። «ጨምቄላቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ወላሂ! ጋሼ እንደ አባቴ ናቸው!»

የሪሐና እናት ኩልሱም አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች፤ የሚያነሳት የሚያስተኛት ከዚህች ልጅ ሌላ ሰው የላትም። አርብ የታሰረ ደግሞ እስከ ሰኞ አይወጣም። ሀብትነሽ ወደ በለጠ ዞረች።

«ለሌሎቹ ተደወለ?»

«በሬዲዮ እንዳዘዙኝ፤ 'ታመዋል፣ ቶሎ ኑ' ብቻ ነው ያልኩት።»

«ጎሽ። መርዶ በስልክ አይነገርም።»

መጀመሪያ የደረሰው መብርሃቶም ነው። ሬሳውን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር?» አለችው ሀብትነሽ።

«አዎ፣ በቃል ምክንያት። የካዛንቺስ 'ካዛ' በጣሊያንኛ ቤት ነው። በትግርኛ ደግሞ ቤትን 'ገዛ' እንላለን። ዘመዳሞች ናቸው ይለኛል፤ አይደሉም፣ እንዲያው ገጠመኝ ነው እለዋለሁ። ለእርስዎ ደግሞ 'ገዛ' ማለት ዕቃ ሸመተ ነው። መልኩ አንድ፣ አገሩ ሌላ፤ ይጽፈው የነበረው መጽሐፍ ስለዚህ ነበር። ዕድሜ ልካችንን እንዲህ ስንጣላ ኖርን። ከእንግዲህ ማን ይጣላኛል?» እንባው ቀደመው።

«'ሎሚስ'?»

«በአማርኛ የሚጨመቀው ነው። በትግርኛ ግን 'ዛሬ' ማለት ነው።»

በለጠ ዘለለ። «እንግዲያው የጠቆሙት ትግርኛ ተናጋሪውን ነዋ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ቅድም ሪሐናን ጠቆሙ አላልክም? እህታቸውም እኮ ትግርኛ ትናገራለች። ሁሉም ላይ የሚያርፍ ጣት ምን ይሠራልኛል? እሳቸው ሥራቸው እንዲህ ያሉ ቃላትን መልቀም ነው፤ ትናንት ተራው የሎሚ ነበር፤ በቃ!» ብላ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ ጣለቻት።

መድኃኒት ስትደርስ ሀብትነሽ ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀበለቻት። ከሲታ ሴት ናት፤ የነጠላዋ ጥለት አንገቷ ሥር ተጠምጥሟል።

«ወንድሜን ምን አገኘው? ሳሉ ጠናበት እንዴ?»

«ይረጋጉ። ከየት ነው የመጡት?»

«ከቤቴ። ስልኩ ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ።»

«ሰፈሩ፣ ዘመዱ፣ ሁሉ ደህና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉ ደህና።»

«ማታስ እዚህ ብቅ ብለው ነበር?»

«ኧረ የለም! ከመጣሁ ሰንብቻለሁ።»

ሀብትነሽ መርዶውን ነገረቻት። የመድኃኒት ጩኸት መንገዱ ድረስ ተሰማ። እንባዋ የውሸት አልነበረም፤ እንደ መብርሃቶም ከልቧ ነው የምታለቅሰው፤ ሀብትነሽን ግራ ያጋባትም ይኸው ነው።

በለጠ አሁንም ሐሳቡ ከሪሐና አልተነሳም፤ ወደ በረንዳው አወጣትና ካቴናውን መዝዞ እጇን ያዘ። «እትዬ መድኃኒት! እርስዎ ያውቁኛል፤ እባክዎ ይንገሩልኝ!» ብላ ለመነች። መድኃኒት አንገቷን ደፋች።

በዚህ መሐል የጎረቤት ሴቶች ጩኸቱን ሰምተው መጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ነጠላቸውን እያወረዱ አዘቀዘቁ፤ ታች የነበረው ጥለት ወደ ላይ ወጣ። ሀብትነሽ ክው አለች።

«ካቴናውን መልስ» አለች። «ሁላችሁም ግቡና ስሙኝ። በለጠ፣ እነዚህ ሴቶች አሁን ምን አደረጉ?»

«ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ለቅሶ አይደል እንዴ?»

«መቼ?»

«መሞታቸውን ሲያውቁ ነዋ።»

«መድኃኒት ግን ከቤታቸው አዘቅዝቀው ነው የመጡት። እኛ የነገርናቸው 'ታመዋል' ብለን ነው። ለታመመ ሰው አይዘቀዘቅም። የሌላ ሰው ለቅሶ እንዳንል ሰፈሩም ዘመዱም ደህና ነው ብለውኛል። ከእኛ ሌላ መሞታቸውን የሚያውቅ ማታ እዚህ የነበረው ሰው ብቻ ነው። ነጠላውም እንደ አቶ ሃድጉ ቃላት ነው፤ ያው አንዱ ጨርቅ እንዳለባበሱ ሌላ ይናገራል። ለማን ነበር ያዘቀዘቁት፣ እትዬ?»

የመድኃኒት እጅ ወደ አንገቷ ሄደ። ጥለቱን ዳሰሰችው።

«ማዘቅዘቄን እኔ እንኳ ልብ አላልኩም» አለች ቀስ ብላ። «ከገበያው፣ ከለቅሶ ቤቱ፣ ከየሰዉ አፍ ቃል እየለቀምኩ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። መጽሐፉ ሊታተም ነው፤ ስሜ ግን የለበትም። ማታ መጥቼ ለመንኩት። 'አንቺ ያመጣሽልኝ ወሬ ነው' አለኝ። አንቄ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም! ሌሊቱን ሙሉ ትራስ ነክሼ አለቀስኩለት።»

«ይህች ልጅ በእርስዎ ፈንታ ስትታሰርስ?» አለች ሀብትነሽ፤ ንዴቷን መዋጥ አልቻለችም።

መድኃኒት ሁለት እጇን ለበለጠ ዘረጋችለት።

በለጠ ይዟት ሲነሳ ነጠላዋ መሬት ወደቀ። ሪሐና «ሂጂ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» ተብላ በሩ ላይ ደርሳ ነበር፤ ተመለሰች። ነጠላውን አንስታ አራገፈችው፤ ጥቂት አመነታች። ከዚያ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ መድኃኒት ትከሻ ላይ ጣለችላት።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አላት በለጠ።

«ወንድማቸው እኮ ነው የሞተባቸው» አለችና ወደ እናቷ ሄደች።